ሸኽ ጀብሪልና ስድስቱ ተሻጋሪዎች

ማልሞ፣ ስዊድን
ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ፣ መካነ ሰላም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህች ወረቀት በሰላም ውለሽ፣ በሰላም አድረሽ ታግኝሽ። አላህ እጅሽን ከድካም፣ ደጅሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ሰው «የአክስትህ ልጅ ናት?» ሲለኝ ቅር ይለኛል። በአንድ ቤት፣ በአባቴ እጅ አብረን አድገን እንዴት የአክስት ልጅ ብቻ ትሆኛለሽ?

ከደብዳቤው ጋር አንዲት ሲዲ አለች። እንዳትስቂብኝ፣ ጨዋታ ናት። ከስምንት ሰዎች ጋር ሆኜ አራት ዓመት የደከምኩባት ናት፤ በሚመጣው ዓመት ለገበያ ትወጣለች። «ስድስቱ ተሻጋሪዎች» ትባላለች። ስድስት ሰዎች ሀገራቸውን ጭራቅ ወርሮባቸው ገደልና ወንዝ እያቋረጡ ይሰደዳሉ። ባለ ጎራዴ፣ ባለ ቀስት፣ ባለ ጦር፣ ጋሻ ያዥ፣ ቁስል አካሚና አንዲት አስማተኛ ናቸው። ሜዳው እንደ ዳማ በካሬ የተከፋፈለ ነው። ስድስቱን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሻቸዋለሽ፤ ስትጨርሺ ተራው የጠላት ይሆናል፤ ጠላት ሲጨርስ ደግሞ ያንቺ። የሞተ ሰው አይመለስም።

እዚህ የሚሞክሩልን ልጆች በጨዋታ ያደጉ ስለሆኑ ምንም ነገር አይገርማቸውም። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በጽሕፈት ሱቅሽ ባለው ኮምፒዩተር ጫኚውና ጥንካሬውንም ድክመቱንም ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ።

አብዬ እንዴት ናቸው? ዓይናቸውስ? ወደ ሱቅሽ ብቅ ብለው ካዩት ምን እንዳሉ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። የግድ አይደለም። የኔ ሥራ መሆኑን ግን አትንገሪያቸው። የሚያስተምሯቸውን ደረሶች ይረከባል ብለው ሲጠብቁኝ እኔ ሥዕል ብዬ ስወጣ ሳይመርቁኝ እንደቀሩ ቆመሽ አይተሻል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ሰላም በሉት» ከሚለው ሌላ ቃል ከሳቸው አልደረሰኝም። ሳልመረቅ መኖር ከብዶኛል ሰብሪያ። የምፈልገው እሱን ነው፣ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ወንድምሽ ሀቢቡላህ ጀብሪል


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢቡላህ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰው ሀገር ሰው ያድርግህ፤ የረገጥከው ሁሉ ይለስልስልህ። እኛ ደህና ነን፣ ስንዴውም ደህና ገብቷል።

ሲዲህን ጫንኩት። ሦስት ቀን የሰው ማመልከቻ ሳልጽፍ ውዬ ከደንበኞቼ ተጣላሁ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ጥንካሬውን ልንገርህ። መብራታችንን ታውቀዋለህ። ጨዋታው በየተራው ራሱን ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ጭራቁ ጎራዴውን እንዳነሣ ቆሞ ጠበቀኝ። ለመካነ ሰላም ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። ደግሞ ሰዎቹ ስድስት ብቻ መሆናቸው ደግ ነው፤ ሺህ ጦር ቢሆን ኖሮ ማንም ቢሞት ግድ አይሰጠኝም ነበር። አሁን ግን አንዱ ሲቆስል ሆዴ ይባባል።

ድክመቱን ካልክ ብዙ ነው። ቀስተኛው «ከመቶ ዘጠናውን ይመታል» ተብሎ ተጽፎለት ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሳተ። ወይ ሒሳብህን አስተካክል ወይ የልጁን ዓይን አሳክም። ፊደሉ ጥቃቅን ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ አያልቅም። ጠላትህም ሞኝ ነው፤ ሁልጊዜ የሚከተለው ከስድስቱ ደካማውን ነው፤ ይህን ካወቅኩ በኋላ እንደፈለግሁ አዞርኩት።

አሁን ወደ ጉዳይህ ልምጣ። አብዬ የመውሊድ መጥሪያ ሊያስጽፉ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ ነው አብዬ።»

«ሥራ ፈት! እነዚህ ሰዎች ታዲያ ለምን ዝም ብለው ቆሙ?»

«ተራው የኔ ስለሆነ እየጠበቁኝ ነው።»

«ጭራቁም ይጠብቃል?»

«ጭራቁም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሱብሓነላህ!» አሉ፤ «ተራ የሚያከብር ጭራቅ! በቀበሌ ስብሰባ እንኳ አላየሁም።»

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ መስታወት አስጠግተው ገደሉን ረጅም ጊዜ አዩት። የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው በግራው ነው የሚያዩት። ከዚያ «ይህ ከወግዲ ወደ ዓባይ ስትወርጂ ያለው ገደል ነው» አሉኝ። «ይህን የሠራው ሰው በእግሩ ወርዶበታል።» ያንተ ነው አላልኳቸውም። እሳቸውም ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የመውሊዱን መጥሪያ ሳያስጽፉ ሄዱ፤ በማግስቱ ግን ማልደው መጥተው «ጭራቁ የት ደረሰ?» አሉኝ።

እህትህ ሰብሪያ


ማልሞ
ጥር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ያሰብሽውን ሁሉ ያሳካልሽ፤ ምላስሽንም እንዲሁ እንደሰላ ያቆይልኝ።

ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አነበብኩት። ገደሉን ማወቃቸው አስደነገጠኝ። ልጅ ሆኜ አብዬ በበቅሎ አፈናጠው ወግዲ ለዱዓ ሲወስዱኝ ከላይ ሆኜ ያየሁት ነው። የሠራሁት ከትዝታ ነው፤ ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም። ማንም ሰው እንደማያውቀው እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው በአንድ ዓይን አወቁት።

የጭራቁን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ተረጎምኩላቸው። ከሳቁ በኋላ አንዱ ጽፎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አሁን ቢሮው ሁሉ «ሸኹ ምን አሉ?» እያለ ይጠይቀኛል።

የቀስቱን ሒሳብ እናየዋለን። ሰብሪያ፣ አትቀየሚኝና ከእንግዲህ ያንቺን ሳይሆን የሳቸውን ጻፊልኝ። ምን እንደነኩ፣ ምን እንደተዉ፣ ምን እንደሳቁ። ደግሞ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ተራ በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት እንዳለቀ ይመዘግባል። እሱን በፍሎፒ ገልብጠሽ ላኪልኝ። አብዬ ሲያስቡ ማየት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ሀቢቡላህ


መካነ ሰላም
መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢቡላህ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ከመካነ ሰላም እስከ ማልሞ ያለውን መንገድ ያሳጥርልን።

አልተቀየምኩም፤ ተቀይሜያለሁ። ለማንኛውም የሳቸው ወሬ ይኸውልህ።

አብዬ አሁን መስታወቱን ማየት ትተዋል፣ ዓይናቸውን ያደክማቸዋል። የካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ካሬ አሰመሩኝ። ስድስቱ ሰዎቻችን ባቄላ ናቸው። ጠላት ምስር ነው። ትልቁ ጭራቅ ድንች ነው። እኔ ከኮምፒዩተሩ እያየሁ ቦታ ቦታቸውን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው እየዳበሱ ያስባሉ፤ ከዚያ «ባለ ጦሩን ሁለት ወደ ቀኝ» ይሉኛል፤ እኔ እነካለሁ። መብራት ሲጠፋ ካርቶኑ ስላለ ማሰባቸውን አያቆሙም።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ የሚጽፈው አሻግሬ፣ ያ የድሮው ወታደር፣ ሥራውን ትቶ ከጎናቸው ይቆማል። ሁለቱ መስማማት አያውቁም። በሁለተኛው ምዕራፍ ትልቁ ጭራቅ ወንዝ ዳር ተኝቶ ሲያገኙት አሻግሬ ጮኸ።

«አሁን ነው! ተኝቷል፣ ጨርሱት!»

«ምን አደረገን?» አሉ አብዬ።

«ነገ ይመጣብናላ!»

«ነገ ሲመጣ ነገ እናየዋለን። ያልነካኝን ተኝቶ አልነካም።» ስድስቱን በጎኑ በቀስታ አሳልፈው ሄዱ። ጭራቁም እንደ ሕግህ ከእንቅልፉ ነቅቶ በየምዕራፉ ይከተላቸዋል። አሻግሬ ድንቹን ባየ ቁጥር «ነግሬ ነበር» ይላል።

ትልቁ ክርክር በአስማተኛዋ ነው። እንቁ ብለው ስም አውጥተውላታል። የእሳት አስማት ታውቃለች ስላቸው «አዑዙ ቢላህ» አሉ። «ድግምቷን አልነካም።» ታዲያ ምን ትሠራለች? ሌላ ምንም አትችልም፣ ከሁሉ ደካማ ናት። አሻግሬ «ሸኽ፣ ካልተዋጋች ትቅር፣ እግር ታስረናለች» አላቸው። አብዬ ተቆጡ። «ድግምቷን አልነካም አልኩ እንጂ ሴትዮዋን ለጭራቅ እተዋለሁ አልኩ?» ይኸው አራት ምዕራፍ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትዋጋ በመሃል አድርገው እያጀቧት መጡ። እኔ በራሴ ጨዋታ በእሳቷ እየተመካሁ ሦስት ሰው አስገድያለሁ። የሳቸው ስድስቱም ደህና ናቸው። ወላሂ ሀቢቡላህ፣ ቁጭ ብዬ እጃቸውን ሳይ እደነቃለሁ።

ድክመቱን ከሳቸው አፍ ልስጥህ። የኔ ቀስተኛ ሞቶ በጨዋታው ካለ የእንግዳ ማረፊያ ሌላ ቀስተኛ ስቀጥር አዩኝ። «ቀብሩስ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ለቅሶው? ሰደቃው?» የለም። «ጓደኞቹስ ምን አሉ?» ምንም አላሉም፣ በማግስቱ መንገድ ቀጠሉ። አብዬ ባቄላቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሞትን አምጥቶ ለቅሶን የረሳ ሰው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው» አሉ። ቀጥሎ ደግሞ «እህልስ? አራት ምዕራፍ ሲሄዱ አንድ ቀን አልቀመሱም!»

ፍሎፒው ከዚህ ጋር አለ። አብዬን ትንሽ ሳል ይዟቸዋል፣ ያልፋል። ማን እንደሠራው እስካሁን አልጠየቁኝም።

እህትህ ሰብሪያ


ማልሞ
ግንቦት 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የአብዬን ዕድሜ ያርዝምልን፤ አንቺንም የልፋትሽን ይክፈልሽ።

ፍሎፒውን ከፍቼ መዝገቡን ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። እዚህ የሚጫወቱ ልጆች ለአንድ ተራ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ይፈጃሉ። የአብዬ አንድ ተራ አርባ ሦስት ደቂቃ ነው። ሌላው አንድ ሰዓት ከዐሥር። በየቀኑ በዙህር ሶላት ይቆማል፣ በዐስር ሶላት ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ቁጥሩን እያየሁ ሲነሡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ተመልሰው ባቄላቸውን ሲዳብሱ በዓይኔ መጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርቤያቸው አላውቅም።

ለቅሶውን ሠራሁት። አሁን ሰው ሲሞት የቀሩት አንድ ተራ ሙሉ አይንቀሳቀሱም፤ በሞተው ዙሪያ ይቆማሉ። የጨዋታው አለቃ «ይህ ተጫዋቹን ያሰለቸዋል» ብሎ ነበር፤ ከሞከሩት በኋላ ግን ማንም አውጣው አላለኝም።

አሁን የመጨረሻውን ምዕራፍ ልንገርሽ። መጨረሻ ላይ የብረት በር አለ። በሩ የሚከፈተው ከፊቱ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሰው ሲቆም ነው፤ የቆመው ከወረደ ይዘጋል። ስለዚህ አምስቱ ያልፋሉ፣ አንዱ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ሌላ መንገድ የለም። አራቱን ዓመት የደከምኩት ለዚያች ደቂቃ ነው። 

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁት ላንቺ ልንገርሽ። እናቴ ሞታ ሁለት ወር ሳይሞላት አብዬን ትቼ ስወጣ፣ አንዱ ሳይቀር ሌላው መሻገር አይችልም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነው። አሁንም የማምነው ያንን ነው። አብዬ ማንን እንደሚያስቀሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። እንቁን ይሆን? እሱን እንደጨረሱ የኔ መሆኑን ንገሪያቸውና ምን እንዳሉ ጻፊልኝ።

ሳላቸውስ ለቀቃቸው?

ወንድምሽ ሀቢቡላህ


መካነ ሰላም
ነሐሴ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢቡላህ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ክረምቱ ከብዷል፣ መንገዱም እየተቆረጠ መኪና ሳምንት ይቆያል። አብዬ ደህና ናቸው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገና አልደረሱበትም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምረው ብለው አሁን ሁለተኛው ላይ ናቸው። የተጫወቱትን በፍሎፒ ልኬልሃለሁ። እንቁን እንደ ድሮው በመሃል ያጅቧታል። ሌላ አዲስ ነገር የለም። ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።

ልብስህን ደራርበህ ልበስ። ሰው ከሚበዛበት አትራቅ። እዚያ ካሉት ከወግዲው ሰው ከአቶ ሙላው ጋር ትገናኛላችሁ? ጠይቃቸው፣ ደግ ሰው ናቸው።

እህትህ ሰብሪያ


ማልሞ
መስከረም 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አዲሱን ዓመት አላህ የደስታ ያድርግልሽ።

ሁለት ጊዜ ቴሌ አስጠራሁሽ። መጀመሪያ «የለችም» አሉኝ። ሁለተኛ ቀጠሮ አስይዤ ስጠብቅ አልመጣሽም። አንቺ ስልክ ሲባል ከደንበኛ እጅ ወረቀት ነጥቀሽ የምትሮጪ ሴት ነበርሽ።

ፍሎፒውን አየሁት። ተጠንቅቀሻል። እንቁ አንድም አስማት አልሠራችም። የተኛውን ጭራቅ አልነካሽውም። አካሄዱን ሁሉ እንደሳቸው ለማድረግ ሞክረሻል፣ ጎበዝ ነሽ። ሰዓቱን ግን ረሳሽው። እያንዳንዱ ተራ ሁለት ደቂቃ ነው። ሐምሌ 26 ቀን ዙህር ላይ አልቆመም፤ ዐስርም ላይ አልቆመም። አንቺም ብትሆኚ ሶላት የማታሳልፊ ነሽ። እሱን ረስተሽ የተቀመጥሽው ምን ያህል ብትጨነቂ ነው?

አልጠይቅሽም። ወጋችንን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ላይ ምንም እንዳትመልሺልኝ። የሚመጡት እስኪመጡ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ግን አብዬ ደህና ናቸው እያልሽ አትጻፊልኝ፤ አልችለውም።

ወንድምሽ ሀቢቡላህ


ማልሞ
ጥቅምት 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሰብሪያ

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ትናንት ማልደው መጡ። አቶ ሙላው፣ ጎረቤቴ ሀሊማና ሁለት የደሴ ሰዎች ናቸው። በሩን ስከፍት አራቱንም በአንድ ላይ አየኋቸው። ልክ እንዳላወቀ ሰው አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። አቶ ሙላው የተናገሩትን ቃል በቃል ሰማኋቸው፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን እንዳልጠረጠርኩ ሰው ነው የጮኽኩት። ስጠብቀው የከረምኩት ነገር እንዲህ አዲስ ሆኖ ይመጣብኛል አላልኩም። ሦስት ቀን አብረውኝ ይሆናሉ። ሀሊማ ምግብ ታበላኛለች።

አሁን ንገሪኝ። ሁሉንም።

ሀቢቡላህ


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢቡላህ

አላህ ያጽናህ። አላህ የአብዬን ማረፊያ ጀነተል ፊርደውስ ያድርግልን። አንተንም በእጃችን ላይ ያግባልን፤ በአንድ ዳስ ሳንላቀስ መቅረታችን ሆዴን ይበላዋል።

አብዬ ያረፉት ሐምሌ 2 ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው። ሳሉ ጠንቶባቸው ነበር። የቅሬው፣ የዕድራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው «መርዶ በወረቀት አይላክም፤ የሀገሩ ሰው ይንገረው» አሉ። ለአቶ ሙላው ተጻፈ። እሳቸው ግን ሌላ ከተማ ለሥራ ሄደው ደብዳቤው ከቤታቸው ሁለት ወር ተቀመጠ። እስከዚያ አብዬን በሕይወት ማቆየት የኔ ድርሻ ሆነ። ጨርሰዋል ብዬ ብጽፍልህ «ከዚያስ ምን አሉ?» ልትለኝ ነው። ስለዚህ እንደገና ጀመሩ ብዬ ዋሸሁህ፤ ባቄላቸውን ይዤ ካርቶናቸው ላይ እያለቀስኩ ተጫወትኩልህ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

እውነተኛው ፍሎፒ ከዚህ ጋር ነው። አብዬ ጨርሰውታል ሀቢቡላህ። ሰኔ 24 ቀን።

የድንጋዩን ነገር ከደብዳቤህ አነበብኩላቸው። ማን እንደሠራው በዚያው ነገርኳቸው። «ይሄን ገደሉን ያየሁ ቀን አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ካርቶኑን አምጪ።» ማንን እንደሚያስቀሩ ጠየቅኳቸው። «ማንንም» አሉ። አይቻልም ብሏል ስላቸው «እሱ ነው ያለው፤ ድንጋዩ አላለም» አሉኝ።

ሃያ ቀን ፈጀባቸው። ሱቅ መምጣት ሲያቅታቸው ካርቶኑ ወደ ቤት ሄደ። አሻግሬ ከመኝታቸው አጠገብ ተቀምጦ ምስሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ ወደ ሱቅ እመላለሳለሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ድንቹን አንሥተው «ይሄ ስንት ይመዝናል?» አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን ስማ። ጠላት ሁሉ ደካማውን ይከተላል አይደል? ከሁሉ ደካማዋ ደግሞ እንቁ ናት፤ ድግምት ስላልነካች። ድንጋዩን ባዶ ተዉት። አምስቱን በሩ አጠገብ አሰለፏቸው። እንቁን ከድንጋዩ ማዶ በበሩ በኩል አንድ ካሬ ላይ አቆሟትና ተራቸውን ለቀቁ። ያ ያልገደሉት ጭራቅ ሊይዛት ሲመጣ የሚቆምበት ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ድንጋዩ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ተራው ደግሞ የኛ ሆነ።

 ጭራቁ ጎራዴውን አንሥቶ፣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ ተራውን እየጠበቀ ስድስቱን አንድ በአንድ አሳለፏቸው። መጨረሻ ላይ እንቁን። እኔ ሱቅ ሄጄ የነገሩኝን ነካሁ። ኮምፒዩተሩ ስድስቱንም ተቀበላቸው። እየሮጥኩ ተመልሼ «አለፉ አብዬ! ስድስቱም!» ስላቸው አልሐምዱ ሊላህ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሻግሬ ነው የጠየቃቸው። «እንግዲህ ሸኽ፣ ጨዋታው ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ጥሩነቱ፣ ለሰው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል» አሉ። «ድክመቱ፣ ሠሪው በሩ ላይ አንድ ሰው ለመተው ቸኩሏል። ከኔ ነው የወረሰው። እኔም ልጄን ሳልመርቅ ከበር የመለስኩት ቸኩዬ ነው። አርባ ደቂቃ ባስብ ኖሮ ሌላ መንገድ አላጣም ነበር።»

ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረብ፣ የሀቢቡላህን እጅ ባርክልኝ። ዓይኑ ያየችውን፣ ጣቱ የሠራችውን ለበጎ አድርግለት። የወጣበትን ቀን በረካ አድርግለት፤ እኔ ወድጄለታለሁ፣ አንተም ውደድለት።» አሻግሬና እኔ አሚን አልን። ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። እሳቸው አላለቀሱም። ሾርባ ጠየቁኝ።

እህትህ ሰብሪያ


ማልሞ
የካቲት 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰብሪያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ለአብዬ ያደረግሽውን በልጆችሽ ይመልስልሽ። ለአሻግሬም ሰላም በይልኝ፤ አሚን ስላለልኝ ዕዳው አለብኝ።

ከጻፍሽው ውስጥ ምርቃቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አውፍ በለኝ ያልሽኝን አውፍ ብያለሁ፤ ይልቅ እኔ ነኝ አውፍ በይኝ የምልሽ፣ ለብቻሽ አስለቅሼሻለሁና።

ፍሎፒውን ወዲያው መክፈት ፈርቼ አንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቢሮ ወስጄ ተራ በተራ መልሼ አየሁት። የሠራሁትን በር እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር ሰብሪያ። በፕሮግራሙ የድንጋዩን ሕግ ስጽፍ ሰው ሲቆምበት ይከፈት ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ የጻፍኩት ግን ክብደት ሲያርፍበት የሚል ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያንን ያየ የለም፤ ምክንያቱም ሁላችንም ጭራቁን ተኝቶ እያለ ገድለን ጎራዴውን ወስደን ነበር የምናልፈው። በሕይወት እዚያ ድረስ ያመጣው ሰው አልነበረም። ባልደረቦቼ ከኋላዬ ተሰብስበው አዩ። እንቁ በሩን ስታልፍ አንዷ ልጅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ጨዋታው በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ትናንት አለቃችን የቀሩትን ስህተቶች ዝርዝር ይዞ መጣ። የበሩ ቀዳዳ ከላይ ተጽፏል። «ይህ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያበላሽብናል» አለኝ። «አንድ ሰው ካልቀረ ታሪኩ ምኑ ላይ ነው? ዛሬውኑ ድፈነው።» ሥራው ቀላል ነው፣ አንድ መስመር ነው የሚለወጠው። አልደፍነውም አልኩት። ለምን አለኝ። ብዙ ምክንያት መደርደር እችል ነበር፤ ለጨዋታው እንደሚበጅ፣ ተጫዋቾች እንደሚወዱት። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱንም አልተናገርኩም።

«አባቴ ያገኙት መንገድ ነው» አልኩት።

ወንድምሽ ሀቢቡላህ ጀብሪል